ቀይ የተቀባው መጭመቂያ

ጉዳዩ በጠቅላላ የፈጀብኝን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ነጋዴ ነኝና ወጪ ሳልናገር ወሬ መጀመር አይሆንልኝም። አንድ ጥንድ ጫማ፣ የግራ እጄ የአውራ ጣት ጥፍር፣ አንድ ሙክት፣ ሁለት የቅዳሜ ገበያ፣ እንዲሁም ከነማሸጊያ ወረቀቱ የነበረ አንድ የጀርመን ኩሽኔታ። ስለ ኩሽኔታው ቦታው ላይ ስንደርስ አወራችኋለሁ። አሁን ካነሳሁት ሆዴ ይባባና ወሬውን ሳልጨርስ እተኛለሁ።

ለማታውቁት፣ ኩሽኔታ ማለት የሚሽከረከር ዘንግ ከብረት ጋር እንዳይፋጭ የሚያቅፈው ቀለበት ነው፤ ውስጡ ትንንሽ የብረት ኳሶች ተደርድረዋል። እኔ ያኔ አምቦ ገበያው ዳር እሱንና መሰሎቹን የምሸጥ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነበርኩ። ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ግማሽ ዲናሞ፣ ጓደኛው የጠፋ የብስክሌት ፔዳል፣ ምኑ እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ የነሐስ ቧንቧ። ከስልጤ የመጣሁት በባዶ እጄ ነው፤ ትምህርቴንም የጨረስኩት እዚያው ገበያ ውስጥ ነው፣ ያውም ሳልጀምረው። ከእጃጂ እስከ እንጭኒ የቆመ ወፍጮ፣ የተገለበጠ መኪና፣ የሞተ ትራክተር ካለ፣ ከባለቤቱ ቀጥሎ ለቅሶ የምደርሰው እኔ ነበርኩ።

ዘመኑ የጓድ ዘመን ነው። “ነጋዴ” የሚለውን ቃል ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚጠራው፣ እንደ መጥፎ በሽታ ስም። እኔም ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ “እንዲሁ እንቀሳቀሳለሁ” ነበር መልሴ።

ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት የኑግ ዘይት ፋብሪካ ነበረች። አንድ ትልቅ መጭመቂያ፣ አንድ ማጣሪያ፣ ብዙ ስብሰባ። አንድ ቀን እጃጂ ከሞተ የእህል መውቂያ ላይ ያገኘሁትን ቺንጋ ትከሻዬ ላይ እንደ ፎጣ ጣል አድርጌ ሄድኩ። ቺንጋ የምለው ሞተሩን ከመጭመቂያው ጋር የሚያያይዘውን የጎማ ቀበቶ ነው። ዘበኛው አየኝና፣

“ሁሉም ስብሰባ ላይ ናቸው። ገብተህ ጠብቅ” አለኝ።

በሕይወቴ የተቀበልኩት ከሁሉ የከፋ ምክር ይኸ ነው ለማለት እቸገራለሁ፤ ሁለት ጊዜ ሽርክና ግባ ተብዬ አውቃለሁና። ግን ከእነሱ አይተናነስም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ የነበሩ ሰው ናቸው፤ እንግዳ መጥቶ ማሽን ሲያስጎበኙ እንኳ በረጅም ዱላ እየጠቆሙ “በስተሰሜን ማጣሪያው፣ በስተደቡብ መጭመቂያው” ይላሉ። ያን ቀን ግን ፊታቸው ጠቁሯል።

“ጓዶች” አሉ፣ “ከበላይ መሥሪያ ቤት ልዑክ ሊመጣ ነው። እንደምታውቁት ከፍተኛ የጥገና መሐንዲሳችን ወደ ሌላ ፋብሪካ ተዛውሮ መደቡ ባዶ ነው። ልዑኩ ማሽን ቆሞ፣ መደቡም ባዶ ሆኖ ካገኘ፣ መጭመቂያው ተፈቶ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። ከዚያ በኋላ እዚህ የሚቀረው ግድግዳው ነው። ሰው ያስፈልገናል፤ ዛሬውኑ።”

አዳራሹ እንደ መስጊድ ጸጥ አለ። ሰው ሁሉ ጉልበቱን ያያል። እኔ ግን ሱቄን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ነበር የመጣሁት። ጎረቤቴ ደግሞ በአደራ የያዘውን ሱቅ ከራሱ አስበልጦ የሚሸጥ፣ ዋጋውን ግን የማያስታውስ ሰው ነው። ስለዚህ ቺንጋዬን አስረክቤ ልሂድ ብዬ እጄን አወጣሁ።

የዚያን ዘመን ስብሰባ ያልተቀመጠ ሰው ይኸ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ሁሉም ባቀረቀረበት አዳራሽ እጅ ማውጣት፣ በተኩስ መሃል ቆሞ እንደ መንጠራራት ነው።

“ያ እጁን ያወጣ ጓድ!” አሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ፊታቸው በርቶ።

“ጌታዬ፣ ይቺን ቺንጋ የሚረከበኝ ሰው...”

“ጓድ በል።”

“ጓድ ጌታዬ፣ ይቺን ቺንጋ...”

ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ዘለው ተነሱ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ የፋብሪካው አንጋፋ ሜካኒክ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጭመቂያው ጎን ስለቆሙ ጆሯቸው ደክሟል፤ በዚህም ምክንያት ምስጢር እንኳ ሲነግሩህ ጉደር ድረስ ይሰማል።

“ዋቃዮ!” አሉ። “ይኸ እኮ የዋናው ዘንግ ቺንጋ ነው! አገር ምድሩን ፈልገን የለም የተባልነው! ከየት አገኘኸው?”

“ከእጃጂ።”

አዳራሹ አጨበጨበ። ገና ማጨብጨቡ ሳያልቅ ከመሃል አንዲት ሴት ድምፅ መጣ። እትዬ አስካለ ናቸው፣ የመጭመቂያው ክፍል አለቃ። ባላቸው ሞተውባቸው አራት ልጅ በዚያ መጭመቂያ አጠገብ ቆመው ያሳደጉ፣ ምላሳቸው ከምላጭ የሰላ ሴት።

“የጠፋውን ያመጣ ሰው የተሰበረውን መጠገን አያቅተውም። ምን ትፈልጋላችሁ? እሱ ይሁና!” አሉ።

“እኔ እኮ ነጋ...” ብዬ ጀምሬ ነበር። ከሥራ አስኪያጁ ራስ በላይ የተሰቀለውን መፈክር አየሁት። ስለ ነጋዴ የሚናገር ነበር፤ የሚያመሰግን አልነበረም። የቃሉን ግማሽ ዋጥኩት።

ድጋፍ ተባለ፤ አዳራሹ ሙሉ እጅ ሆነ። ተቃውሞ ተባለ፤ እጄን ላወጣ ቃጣኝ። እጅ በማውጣት እንዴት እዚህ እንደደረስኩ አስታውሼ ተውኩት። እንዲህ ሆኜ በቺንጋ ገብቼ ከፍተኛ የጥገና መሐንዲስ ሆኜ ወጣሁ። “ተጠባባቂ” የሚል ቃል ከፊቱ ነበረው፤ እኔ ግን እቤት ስደርስ ለባለቤቴ ያንን አልነገርኳትም።

ለምን እንቢ አላልክም ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ ፈራሁ። ሁለተኛ ወንበሩን አየሁት። ቢሮው ውስጥ የሚሽከረከር ወንበር ነበር። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ የተቀመጥኩት በዱካና በጆንያ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ዞርኩበት፤ ሁለተኛ ዞርኩበት፤ ከዚያ ገለበጥኩትና ከሥሩ ኩሽኔታ ይኖረው እንደሆነ አየሁ። ነበረው። ቁጥሩን በልቤ ያዝኩ፤ ልማድ ነው።

ሱቁን ባለቤቴ ተረከበች፤ ሁለቱ የቅዳሜ ገበያ ያመለጠኝ በዚህ ነው። ሰማያዊ ቱታ ተሰጠኝ፤ የተሰፋው ለረጅሙ ለቀድሞው መሐንዲስ ስለሆነ እግሩን ሁለት ጊዜ አጥፌ ለበስኩት። ግድግዳው ላይ የማሽኑ ፕላን ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ከፊቱ ቆሜ አገጬን እያሻሸሁ አየዋለሁ፤ ሰው ሲገባ “እም” እላለሁ። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ከኋላዬ ቆመው፣

“ጓድ መሐንዲስ፣ እሱ የማሽኑ አይደለም፤ የሽንት ቤቱ ነው” አሉኝ።

“አውቃለሁ፤ እሱም ጥገና ይፈልጋል” አልኳቸው። እውነትም ይፈልግ ነበር።

ሥራውን እንዴት ሠራኸው ካላችሁ፣ በማውቀው ሙያ ነው። ማሽኑ ሲጮህ ኦቦ ገመቹ “ቡሎኑ ሙሉ ዙር ይጥበቅ!” ይላሉ። እትዬ አስካለ “ከነካችሁት ይበጠሳል፤ ተዉት!” ይላሉ። እኔ ምን አውቄ! ግን ሁለት ሰው ሲከራከር መሃሉን መቁረጥ እንጀራዬ ነው። “በሉ፣ የእርስዎም ይቅር፣ የእሳቸውም ይቅር፤ ግማሽ ዙር!” እላለሁ። ግማሽ ዙር ይጠብቃል፤ ማሽኑም ዝም ይላል። እንዴት ዝም እንዳለ አላህ ይወቀው። ሌላ ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ “ዕቃው መንገድ ላይ ነው” እላለሁ፤ ይኸ መልስ ሱቅ ውስጥ አሳፍሮኝ አያውቅም። እንዲህ እያልኩ ያቺን ፋብሪካ በግማሽ ዙርና በመንገድ ላይ ባለ ዕቃ አስተዳደርኳት። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። ምስጋና ደግሞ እንደ ጠላ ነው፤ ሲጠጡት ቀላል ይመስላል ይሉኛል የሚጠጡት።

ያኔ ነው የጠገብኩት። ልዑኩ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው “ዕቃ የሚሸጠው በመልኩ ነው” የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ዝገት ያለው ቡሎን ናፍጣ ነክሬ፣ በጨርቅ ወልውዬ፣ አዲስ ነው ሳልል አዲስ አስመስዬ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። መጭመቂያዋ ዝጋለች፣ ነጠብጣብ ሆናለች፣ ኑግ ለብሳለች። እንቀባት አልኩ።

የከተማውን መፈክር ሁሉ የሚጽፈውን ሽብሩን አስጠራሁ። ከበዓል የተረፈ ቀይ ቀለም በርሜል ሙሉ ነበረው። ሽብሩ ግማሽ ሥራ የማያውቅ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ቀባ፤ አላረካውም። ደገመ። ሠለሰ። በሦስተኛው ላይ ቆርቆሮውን እግሬ ላይ ደፋው፤ ጫማዬን ያጣሁት ያኔ ነው፤ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ እኔ በካልሲዬ ወጣሁ። ሲጨርስ መጭመቂያዋ እንደ ሙሽራ በርታለች። ብቻ ሽብሩ አንገቱን እያከከ ጠጋ አለኝ።

“ወንድሜ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ” አለ። “የግፊት መለኪያውን መስታወት ሳላውቅ ቀብቼዋለሁ።”

“ወየው! አሁን ምን ይሻላል?”

“አይዞህ፤ በላዩ ላይ መልሼ ሥዬዋለሁ። ቁጥሩንም፣ መርፌውንም።”

“መርፌውን የት ላይ አደረግኸው?”

“ደህና ቦታ ላይ።”

ባረክሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያች መጭመቂያ ግፊት አንድም ጊዜ ከፍ ዝቅ ብሎ አያውቅም። እኔም ጠዋት ጠዋት እያየሁት ልቤ ይረጋ ነበር። ሰው የራሱን ውሸት እንዲህ ያምናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

በማግስቱ ኦቦ ገመቹ የግራሶ መርጫቸውን ይዘው መጡ። ግራሶ ያው ኩሽኔታ እንዳይደርቅ የሚጠጣው ወፍራም ቅባት ነው፤ በየቀኑ በትንንሽ ቀዳዳዎች ይረጫል።

“ቆዩ ኦቦ!” ብዬ ጮህኩ። “ቀለሙ ይበላሻል! ልዑኩ አይቶ እስኪሄድ ማንም እንዳይነካት!”

“ግራሶ ሳትጠጣ ትዋል?”

“ትጹም!”

ኦቦ ገመቹ መርጫቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያም በኦሮምኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ። እሳቸው ሲያጉረመርሙ ሌላው ሰው የሚጮኸውን ያህል ነውና ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ምን እንዳሉ የተረጎመልኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ልዑኩ በሚመጣበት ዕለት ጠዋት መጭመቂያዋ ጥጃዋን እንደምትጠራ ላም እምቧ አለች። ቀጥላ ጮኸች። ቀጥላ ዝም አለች። የገደለኝ ዝምታው ነው። የተቃጠለ ቀለምና የተቃጠለ ኑግ አብሮ ሸተተ። ኦቦ ገመቹ ከሥሯ ገብተው ሲወጡ እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀይ ነበር።

“ግራሶ አጥታ ነው!” አሉ፤ ከተማው ሁሉ ሰማ። “ቀዳዳዎቿን በቀለም ደፍነህባት! ጉሮሮዋን ዘግተህ ትጹም አልክ! ይኸዋ ጾመች!”

እትዬ አስካለ አልጮሁም። ከነገር ሁሉ ያስፈራኝ እሱ ነው። አንድ ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው ሻሻቸውን ፈቱና በእጃቸው ጠቀለሉት።

“እትዬ፣ ይስደቡኝ እንጂ” አልኳቸው።

“ሰድቤ ምን ላገኝ? ማሽኑ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እኔን በክሬን አንስተው መኪና ላይ አይጭኑኝም። የመጨረሻዋ ልጄ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ትፈተናለች። እሱን ነው የማስበው።”

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ፋብሪካ ሊፈታ ነው ሲባል ከቡሎኑ የሚደርሰኝን ለማግኘት ከሁሉ ቀድሜ የምሰለፈው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ዓይኔ ከቡሎኑ ይልቅ ያቺን ሻሽ ያይ ነበር። የቆመ ማሽን አጠገብ ሁልጊዜ አንድ የተቀመጠ ሰው እንዳለ፣ እኔም ሁልጊዜ ብረቱን ብቻ እያየሁ እንደማልፍ ያኔ ነው የገባኝ።

“እትዬ፣ ቀለሙን ከቀዳዳው ብናወጣውስ?” አልኩ።

ሻሻቸውን መልሰው አሰሩ። “ወስፌ ያላት!” ብለው ተጣሩ። የክፍላቸው ሠራተኞች በእረፍት ሰዓት ሰፌድና እንቅብ የሚሰፉ ሴቶች ናቸው፤ ወስፌ ያላጣች አልነበረችም። መጭመቂያዋን ከበቧት፤ ቀለሙን እንደ እሾህ ሊያወጡላት ተቀመጡ። በዚህ መሃል በሩ ላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

ሦስት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ወገቡን ይዟል። አንዱ ሰዓቱን ያያል። ነጋዴ ደንበኛን የሚያውቀው ከእጁ ነው፤ ወገቡን የያዘ ፍልውሃ ይፈልጋል፣ ሰዓቱን የሚያይ ምሳ ይፈልጋል። ሦስተኛው ቀጭን፣ እጁ ባዶ የሆነ ሰው ነው፤ ጆሮውን ወደ ፋብሪካው ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። እሱ ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም፤ ስለዚህ ፈራሁት። ኢንጂነር ተፈራ ይባላሉ ተባልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ዱላቸውን አንስተው “በስተሰሜን...” ብለው ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው።

“እንግዶቻችን ከመንገድ ነው የመጡት! አምቦ ደርሶ ፍልውሃ ሳይነካ ሥራ የጀመረ ሰው አይተናል? ነውር አይደለም እንዴ? ምሳም ተሰናድቷል፤ ሙክት ታርዷል!”

ሙክቱ አልታረደም ነበር። ገና እቤቴ ደጃፍ ላይ ሣር ይበላ ነበር። ለባለቤቴ ሰው ላክሁ።

ፍልውሃው ውስጥ ገባን። ወገባሙና ሰዓት ተመልካቹ እስከ አንገታቸው ገብተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኢንጂነር ተፈራ በጀርባቸው ተንሳፍፈው ወደ እኔ መጡ። እኔ ዋና አልችልም፤ የገንዳውን ጠርዝ በሁለት እጄ ጨብጫለሁ። ፈተና ለመቀመጥ ከዚህ የባሰ ወንበር የለም።

“እርስዎ ነዎት ከፍተኛ የጥገና መሐንዲሱ?”

“ተጠባባቂ” አልኩ፤ ያቺን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኳት።

“ዋናው ዘንግ በደቂቃ ስንት ይዞራል?”

“እንደ ቀኑ ነው።”

“እንደ ቀኑ?”

“ኑጉ እርጥብ ሲሆን ትንሽ ያዘግማል።”

ኢንጂነሩ መንሳፈፋቸውን ትተው በእግራቸው ቆሙ። “የሞተሩ ጉልበትስ?”

“ዕቃው መንገድ ላይ ነው” አልኩ። ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው ለጥያቄው እንደማይሆን የገባኝ።

አየሩ ከውሃው ይልቅ ሞቀኝ። ቀጥለው “የዋናው ዘንግ ኩሽኔታ ቁጥሩስ?” አሉኝ፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሚሞክሩ ይመስላሉ።

“ስልሳ ሦስት ዜሮ ዘጠኝ!” አልኩ፣ እስትንፋስ ሳልወስድ። “የስዊድኑ ይሻላል፤ የጀርመኑም አይከፋም። እጃጂ አንድ ወፍጮ ላይ እየዞረ ያለ አለ፤ ባለቤቱ አይሸጥም፣ ልጁ ግን ይሸጣል። ጊንጪ የነበረው ተሰንጥቋል፤ ደህና ነው ቢሉዎት እንዳይገዙ። እንጭኒ አንድ ወፍጮ ቤት መጋዘን ውስጥ ሁለት አዲስ አለ፤ ምን እንደሆነ ስለማያውቁት በር ማስደገፊያ አድርገውታል።”

“እንጭኒ ሁለት አለ?” አሉ። “እኔ እኮ ለዋናው ፋብሪካ ያንን ኩሽኔታ ያልጠየቅኩበት መሥሪያ ቤት የለም!” ከዚያ ረጋ ብለው አዩኝ። “አንተ መሐንዲስ አይደለህም።”

እርስዎ መባሌ እዚያ ላይ አበቃ።

“አይደለሁም።”

“ታዲያ ምንድን ነህ?”

ዙሪያዬን አየሁ። ወገባሙ አንቀላፍቷል። ወደ ጆሯቸው ተጠግቼ “ነጋዴ” አልኩ፣ በሹክሹክታ። ቃሉ ውሃው ላይ ሲንሳፈፍ የሚታይ መሰለኝ።

ኢንጂነሩ ከገንዳው ወጡ። “ልብስህን ልበስ። ማሽኑን አሳየኝ።”

“ምሳው...”

“እነሱ ይብሉ።”

እነሱ በሉ። ያን ሙክት ሁለት ሰው ነው የጨረሰው፤ አጥንቱን ለምስክርነት አይቼዋለሁ።

ፋብሪካው ስንደርስ ሴቶቹ ጣታቸው ቀልቶ ወስፌያቸውን ይዘው መጭመቂያዋን እንደከበቡ ናቸው። ኢንጂነር ተፈራ መጀመሪያ ያዩት መለኪያውን ነው። ቀና ብለው የቆመውን ማሽን አዩ። መልሰው መለኪያውን አዩ።

“ማሽኑ ቆሟል፤ ግፊቱ ግን ደህና ነው” አሉ። በጥፍራቸው ጫሩት። ቀይ ቀለም ተነሳ። “ማን ነው የሣለው?”

“ሽብሩ የሚባል ሰዓሊ ነው” አልኩ።

“ጥሩ እጅ አለው።”

ሊናደዱ ነው ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ እትዬ አስካለ ተቀምጠውበት የነበረው ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲበቃቸው ኮታቸውን አውልቀው ቱታ ጠየቁ። የእኔን ሰጠኋቸው፤ እግሩን ሳያጥፉት ልክ ሆናቸው።

መሐንዲስ ምን እንደሚሠራ ያን ቀን አየሁ። አልተከራከሩም፤ መሃል አልቆረጡም። የእንጨት ዱላ አንዱን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ዘንጉን በእጅ እያዞሩ አዳመጡ። “ሦስቱ ደህና ናቸው፤ አንዱ ሞቷል” አሉ። ኦቦ ገመቹ ፈቱት። የኩሽኔታው ኳሶች ከግለት የተነሳ ሰማያዊ ሆነዋል።

“ሌላ ያስፈልጋል። ከእንጭኒ ዛሬ ይደርሳል?”

“አይደርስም” አልኩ።

“ሌላ ቦታስ?”

ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። እትዬ አስካለ ግን መሬቱን ነበር የሚያዩት።

ነበረኝ። እንዴት አይኖረኝም! ሱቄ ውስጥ ከማሽላ ጆንያ ሥር፣ በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ፣ ለባለቤቴ እንኳ ያላሳየኋት የጀርመን ኩሽኔታ ነበረኝ። ዓመታት አስቀምጬዋለሁ። አንድ ቀን በጣም የጨነቀው ደንበኛ ይመጣል፤ ያን ቀን ዋጋውን እኔ እቆርጣለሁ እያልኩ ነበር የምጠብቀው። ደንበኛው መጣ። እኔው ሆኜ ተገኘሁ። ከራሴ ጋር ክርክር ገባሁ፤ ሁለታችንም ግትር ነን። እንደ ልማዴ መሃሉን ፈለግኩ። ግማሽ ኩሽኔታ የሚባል ነገር የለም።

“አንድ አለ” አልኩ፤ ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ።

እየሮጥኩ አመጣሁት። ኢንጂነሩ ወረቀቱን ሲቀዱት ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ የባሰ ነገር አየሁ፤ የጀርመን ኩሽኔታዬን ብረት ድስት ውስጥ በጋለ የኑግ ዘይት እንደ ቦምቦሊኖ ይጠብሱታል!

“ምን እያደረጉት ነው?”

“ሲሞቅ ይሰፋል፤ ዘንጉ ላይ ሳይጎዳ ይገባል” አሉ።

ገባም። በመጨረሻ ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ቤት መታ መታ ማድረግ ሲያስፈልግ፣ መደገፊያ እንጨቱን እኔ ያዝኩ፣ መዶሻውን ኦቦ ገመቹ ያዙ። እኔ “ቆዩ!” አልኩ። ጆሯቸው ለደከመው ለኦቦ ገመቹ “ቆዩ” ማለት ለተራራ እንደ መናገር ነው። ጥፍሬ የሄደው እዚያ ነው።

ከዚያ ግራሶ ጠጣች፤ አሮጌው በሌላ በኩል እስኪወጣ ድረስ። ዘንጉ በእጅ ተዞረ። ኢንጂነሩ እስኪረኩ ድረስ መብራት አልተለቀቀም። ሲለቀቅ መጭመቂያዋ ምንም ሳትጮህ ተነሳች፤ ጥቂት ቆይቶ ከአፏ ቀጭን የኑግ ዘይት ክር ወረደ። ማንም አላጨበጨበም። ያለ ስብሰባ እንዴት እንደሚጨበጨብ የምናውቅ አይመስለኝም። እትዬ አስካለ ብቻ ጣታቸውን ዘይቱ ውስጥ ነክረው ቀመሱና “ኑግ ነው” አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ።

ኢንጂነር ተፈራ እጃቸውን በላምባ እየታጠቡ ተናገሩ። “ይኸ ማሽን አዲስ አበባ ቢሄድ መጋዘን ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ማሽን ለማዳን ወስፌ ይዞ የወጣ ሠራተኛ ደግሞ ዛሬ ገና አየሁ። እዚሁ ይቆይ ብዬ ነው የምጽፈው። የጥገና መሐንዲስ እልክላችኋለሁ፤ የእውነቱን። አንተ...” አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

ወህኒ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

“አንተ ከዛሬ ጀምሮ መፍቻ በእጅህ እንዳትነካ። ነገ ግን ከእኔ ጋር እንጭኒ ትሄዳለህ። እነዚያን በር ማስደገፊያዎች በሕጋዊ ግዢ እንገዛቸዋለን።”

ሁለቱ ጓዶቻቸው ከምሳ ሲመለሱ የሚዞር ማሽን፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ ቀለም አዩ። በጣም ተደሰቱ፤ በተለይ ወገባሙ።

ኩሽኔታዬን ክፈሉኝ አላልኩም። ከፍተኛ የጥገና መሐንዲስ ለገዛ ፋብሪካው ዕቃ ሸጠ ከተባለ፣ ቅጣቱ ከኩሽኔታው ይብሳል።

በሚቀጥለው ስብሰባ ከመደቡ መነሳቴ ለድምፅ ቀረበ። በሙሉ ድምፅ ተደገፈ፤ ኦቦ ገመቹ ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ። ወዲያው እትዬ አስካለ ተነሱ።

“ይነሳ፤ መነሳቱ ጥሩ ነው። ማሽኑም ይተርፋል” አሉ። “ግን ዕቃ ሲጠፋ የሚፈልግልን ማን ነው? ይኸ ሰው ሱቁ ውስጥ ደህና ሆኖ እንዲቀመጥ ፋብሪካው ለቀበሌ ይጻፍለት።”

“ነጋዴ ይደገፍ ነው የምትይው?” አለ አንዱ ከኋላ።

“ኩሽኔታ ይደገፍ ነው የምለው!” አሉት።

ተጻፈልኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ዓይናፋር ወጣት መሐንዲስ ከነመጽሐፉ መጣ። በመጀመሪያው ቀን ኦቦ ገመቹና እትዬ አስካለ በአንድ ቡሎን ሲከራከሩበት ሁለቱንም ሰማ፤ ከዚያ መጽሐፉን ገልጦ ሁለቱም ያላሉትን ልክ ነገራቸው። ሁለቱም አኮረፉት። በዚያው ሳምንት መልሰው ወደዱት።

ሂሳቡ እንዲህ ተዘጋ፤ መጭመቂያው አምቦ ቀርቷል። ሠራተኛው ሥራው ላይ ነው። እኔ ሱቄ ውስጥ ነኝ።